ከማን ጋር ልቆጠር? የኦክላንድና የሳን ሆሴ ሰሞኔ

አሜሪካ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፎቁ ርዝመትና ስለ መኪናው ብዛት ነው። እኔ ፎቅ ሳይ አንገቴን አላመመኝም። ያመመኝ ካርታ ላይ ሳቀረቅር ከርሜ ነው። ይህን የምጽፈው ሄዳችሁ ለማታዩት ነው። ብትሄዱም የኦክላንድን የቻይና ሰፈር በአዲሱ ባቡር ሽው ብላችሁ ስታልፉት ልብ አትሉትም፤ የሚታይ ሐውልት የለው፣ የሚነሳ ፎቶግራፍ የለው። እኔ ግን እዚያ አድሬአለሁ፣ ጾሜአለሁ፣ ሲጣሉም ሲታረቁም አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከአፌ ስሙት።

ሥራዬ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ካርታ መሣል ነው። ቆጣሪዎች ወደ ገጠር ሲወጡ የእገሌ ክልል ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ጋራ ነው ብዬ መስመሩን የማሰምርላቸው እኔ ነኝ። በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ለሥልጠና ወደ ዋሽንግተን ተልኬ ሥልጠናው ወደ ማለቁ ሲል የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ይልማ ደወለልኝ። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አጠገብ ባለው የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሚሠራ ልጅ ነው።

«አስቱ፣ በሞቴ ነይና ሄልፕ አድርጊኝ፤ ካርታ የሚችል ሰው ቸገረኝ» አለኝ።

«ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ መስመር ማስመር አቃተህ?»

«ስቀልጅ ግዴለም፣ ብቻ ነይ!»

ሄድኩ።

ቅዳሜ

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሁሉም ሰላም ነበር። ጉዱ የመጣው ሻንጣዬ ሲወጣ ነው። ለይልማ ብዬ ከአገር ቤት ያመጣሁት በርበሬ ከረጢቱ ተቀዶ ልብሴ ላይ ተበትኗል። ሻንጣውን ፍተሻ ላይ የከፈተው ሰውዬ አንዴ አነጠሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ እንባው ወረደና በእጁ «ሂጂልኝ» አለኝ። ይልማ ሊቀበለኝ ቆሞ በሳቅ ሊሞት ነው። እኔ እንደሆነ ቀይ ቀሚሴን ሳይ ሳቁ አልመጣልኝም፤ በፊት ነጭ ነበር።

መኪና ውስጥ ለምን እንደፈለገኝ ነገረኝ። ኦክላንድ ቻይና ሰፈር ውስጥ ሚስስ ቹ የሚባሉ ባለ ሱቅ አሉ። ባላቸው ከጥቂት ዓመት በፊት ሆዳቸውን አሟቸው ሆስፒታል ሄዱ። ምን እንደሚሰማቸው በቻይንኛ ያስረዳሉ፤ የሚሰማ የለም። የራስ ምታት ኪኒን ሰጥተው መለሷቸው፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ሚስስ ቹ ለቅሶው ሲያበቃ የሱቃቸውን የኋላ ክፍል አስለቀቁና ቋንቋ ለሚያውቁ የሕክምና ተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሁድ በነጻ ያክሙበታል፤ ቁልፉን የሚይዝላቸውና የወረቀት ሥራውን የሚሠራላቸው ይልማ ነው። አሁን ግን የከተማው አስተዳደር ሰዎች «የሱቅ ጓዳ ክሊኒክ አይሆንም፣ ይዘጋ» ብለዋል።

«ታዲያ ሌላ ቤት አይሰጧቸውም?»

«ይሰጣሉ። አስተርጓሚ ያለው አንድ ክሊኒክ ሊከፍቱ ባጀት ይዘዋል። የሚከፈተው ግን ቋንቋ የሚቸግረው ሕዝብ ሜጆሪቲ፣ ከግማሽ በላይ፣ በሆነበት ሰፈር ነው፤ ፕሩፉ፣ ማስረጃው፣ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራው ነው። ሂሪንጉ፣ አቤቱታ የሚሰሙበት ስብሰባ፣ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ካላሳየን ባጀቱ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ጓዳውም ይዘጋል።»

ያደርኩት ከሱቁ በላይ ባለው የሚስስ ቹ ቤት ነው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ ሴት ናቸው። ሚስስ ማለት አፌ ላይ እምቢ ስላለኝ እማማ ቹ አልኳቸው፤ ቃሉ ለእሳቸውም እንግዳ አልሆነባቸውም፣ ወደዱት። እንግሊዝኛ ይገባቸዋል እንጂ በሰው ፊት አይናገሩትም፤ አፋቸው ልጃቸው ሊሊ ናት። ሊሊ እናቷ በቻይንኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የእኛዎቹም ውጭ አገር ቢወልዱ ይኸው ነው የሚጠብቃቸው ብዬ ታዘብኩ። እማማ ቹ በርበሬ የነካውን ልብሴን አንድ ሳይቀር ነጥቀውኝ እያነጠሱ አጠቡልኝ። እኔ ልጠብ ብል እጄን መቱኝ።

እሁድ

ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ጠዋት እማማ ቹ ገበታውን ሞሉት፦ ዳክዬ በማር፣ እንቁላል፣ የአሳማ ሥጋ። አልበላም ስል ፊታቸው ጥቁር አለ። ሊሊ «ሺ ዳዝንት ላይክ ኢት፣ ማ»፣ አልወደደችውም ብላ ነገሩን አባሰችው። ጾም ማለት ምን እንደሆነ ሳስረዳ፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም እያልኩ ጣቴን ስቆጥር፣ እማማ ቹ ግንባራቸውን መቱና ተነስተው ሄዱ። የተመለሱት ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የመሰለ ነገር፣ እንጉዳይና ጎመን ይዘው ነው። ለካ የእነሱም መነኮሳት እንደኛ ይጾማሉ! ያን ነጭ ነገር ተርፎ ብልቃጥ ውስጥ ባስቀመጥኩት በርበሬ ነካ አድርጌ ስበላ አዩኝና ከበርበሬው ቀመሱ። ከዚያ ወዲያ ብልቃጡን ከገበታቸው አላነሱትም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳውን አየሁት። በአንድ በኩል የሩዝ ጆንያ ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል በመጋረጃ የተከለለ አልጋ አለ። አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን ለሐኪሟ በቋንቋቸው ሲነግሩ ሰማሁ። ቃሉ አይገባኝም። ግን ሰው ሲሰማለት እንዴት እንደሚናገር ይታወቃል፤ ሴትዮዋ ከጉልበታቸው ጀምረው ስለ ምራታቸው ሁሉ አወሩ። እኔም ይህ ነገር አይዘጋም ብዬ በልቤ ማልኩ።

ሰኞ

በርክሌ፣ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል። ዩኒቨርሲቲው የቆጠራውን ውጤት በቴፕ ገዝቶታል፤ ይልማ ካርድ እየበሳ ያስገባል፣ ማሽኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ወረቀት ይተፋል። እኛ አገር በእጅ ደምረን የምንጨርሰው ዓመት ሞልቶን ነው፤ እዚህ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይወጣል። ቀናሁ፣ ምን ልዋሽ!

ውጤቱ ግን ደስ አይልም። ቆጠራው ከተማውን በክፍል በክፍል ይከፍለዋል፤ በየክፍሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጃፓን፣ ቻይና፣ ፊሊፒኖ እያለ በየረድፉ ያስቀምጣል። ቻይናዎቹ ብቻቸውን በየትኛውም ክፍል ከግማሽ አያልፉም። ለምን እንደሆነ ለማየት ካርታውን ይዤ ሰፈሩን በእግሬ ዞርኩት። ለካ የክፍሎቹ ድንበር የሚያልፈው በገበያው መንገድ መሐል ለመሐል ነው! ግራና ቀኙ ያለው ሰው አንድ ሱቅ ይገዛል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ በወረቀት ግን ሁለት አገር ነው። በዚያ ላይ ለባቡሩና ለአውራ ጎዳናው ተብሎ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ሰዉ ተገፍቶ ወደ ጎን ሄዷል።

ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ አድርገን አየነው። አሁንም ቻይናዎቹ ብቻ አይሞሉም። ይልማ እርሳሱን ጥርሱ ላይ እያንኳኳ ቆየና ከቻይናው ሥር ጃፓኑን፣ ፊሊፒኖውን፣ ኮሪያውን ደመራቸው።

«አለፈ! አስቱ፣ ግማሹን አለፈ!» ብሎ ዘለለ። «ተማሪዎቹ እኮ ሁሉንም ባንድ ላይ ኤዥያን አሜሪካን፣ የእስያ አሜሪካዊ ነው የሚሉት። አዲስ ቃል ነው። ሠንጠረዡ ላይ የለም እንጂ መንገድ ላይ አለ።»

ካርታውን ሣልኩ፤ ያን ሰፈር በሙሉ ይልማ በመረጠው ብርቱካናማ ቀለም ቀባሁት። እውነትም ያምር ነበር።

ማክሰኞ

ካርታውን ጓዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። የከተማው ሰዎች ካርታው ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወኪሉን ይላክ ስላሉ ማን ማን እንደሚመጣ ተነጋገርን። ፊሊፒኖዎቹና ኮሪያዎቹ እሺ ብለዋል። የኦክላንድ ጃፓኖች የሚሰሙት ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ አሁን ሳን ሆሴ አበባ ያለማሉ፣ እህታቸው ግን እዚሁ ሰፈር ናቸው። እሳቸውን ማሳመን የእኔና የይልማ ድርሻ ሆነ። ስለ ባላቸው የሚመሰክሩት ደግሞ እማማ ቹ ናቸው።

እማማ ቹ መነጽራቸውን አድርገው ካርታውን ተጠጉት። የሱቃቸውን መንገድ በጣታቸው አገኙና ፈገግ አሉ። ከዚያ ብርቱካናማውን እየነኩ ሊሊን ጠየቋት።

«እኛ ነን፣ ማ። ኤዥያን አሜሪካንስ» አለቻቸው።

«እኛ ማን ማን?»

«እኛ፣ ፊሊፒኖዎቹ፣ ኮሪያዎቹ፣ ጃፓኖቹ…»

እማማ ቹ የያዙትን ሲኒ አስቀመጡ።

«ወንድሜን የገደሉት ጃፓኖች ናቸው» አሉ። ሊሊ ቃል በቃል ተረጎመችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «መንደራችን ሲገቡ በጓሮ ሊያመልጥ ሲሮጥ መቱት። ገና ልጅ ነበር። እኔ ከጃፓን ጋር አብሬ አልቆጠርም።»

ይልማ «ሚስስ ቹ፣ ይሄ እኮ ስታቲስቲክስ ነው፣ ማንም ማንንም ይውደድ አላለም!» ብሎ ጀመረ። እማማ ቹ እጃቸውን ዘረጉ። የጓዳውን ቁልፍ አምጣ ማለታቸው ነው። ይልማ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፣ ምን ያድርግ። እሳቸውም መሸጫው ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

ውጭ እንደወጣን ይልማ ነደደ። «ኢራሽናል ናቸው! አያመዛዝኑም! ለራሳቸው ክሊኒክ እኮ ነው!»

«ዝም በል» አልኩት። «እናቴን ታውቃታለህ አይደል? ሰፈራችን ያለውን ጣሊያን መካኒክስ ታውቀዋለህ?»

ያውቃል። ከጦርነቱ በኋላ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ በጋራዡ በር ላይ ቧንቧ አስገብቶ ለሰፈሩ ሁሉ ክፍት አድርጎታል። እናቴ ግን አባቷን ጣሊያን የገደለባት ናት። እስከ ዛሬ ባልዲዋን ይዛ ያንን ቧንቧ አልፋ ቦኖ ድረስ ትወርዳለች፤ ጉልበቷ እያመማት። እንግዲህ እናቴን ኢራሽናል በላት!

ማታ ራት ላይ ይህንኑ ለእማማ ቹ ነገርኳቸው። ልመክራቸው አይደለም፤ ተናድጄ ስለነበር እንዲያው አወራሁት። ሊሊ ስትተረጉም አቀርቅረው ሰሟት። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ውሃው ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው ይላሉ። እኔም ጠጥቼው አላውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ተጨማሪ ጎመን አወጡልኝ።

ረቡዕ

«ሴትዮዋ ቁልፉን ወስደዋል፣ ሳን ሆሴ ምን ልንሠራ ነው?» አለ ይልማ። «የተባልነውን ልንሠራ» አልኩና መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፍ ተወሰደ ተብሎ ሥራ አይቆምም።

መንገዱ ወደ ደቡብ ነው፤ በቀኝ የባሕሩ ጭቃና የጨው ኩሬ፣ በግራ አረንጓዴ ኮረብታ። ኮረብታዎቹ ከመስከረም እንጦጦ ልዩነት የላቸውም፤ የጎደለው አደይ አበባው ብቻ ነው። ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ የይልማ መኪና እንደ ጀበና ገነፈለች። ውሃ ፍለጋ ከዋናው መንገድ ወጥተን አንድ ግቢ አንኳኳን። አትክልታቸውን የሚያጠጡ ፊሊፒኖ ሽማግሌ ጎማቸውን ይዘው መጡ። ውሃ ብቻ መሰለኝ፤ እሳቸው ግን የተቀደደውን ቱቦ በላስቲክ ጠቅልለው አሰሩልን፣ ሎሚ ቆርጠው ሰጡን፣ ባለቤታቸው ደግሞ ወንበር አወጡልን። አገር ቤት መንገደኛ ሲበላሽበት እንደሚደረገው ማለት ነው። የት እንደምንሄድ ሲጠይቁ ነገርናቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

«ወጣት ሆኜ እርሻ ላይ ሰላጣ ስቆርጥ አለቃው ቻይናውንም ጃፓኑንም እኔንም በአንድ ስም ነበር የሚሰድበን» አሉ። «ለስድብ አንድ ከሆንን ለሐኪም ምን ለያየን?»

ይልማ ይህን ሐሙስ ይድገሙልን ብሎ ለመናቸው። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስለሆነ አልተመቻቸውም።

ሳን ሆሴ ረፋዱ ላይ ደረስን። ሚስተር ኦካዳ የመስታወት ቤት ውስጥ ነጭ አበባ ሲቆርጡ አገኘናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቀድሞ ኩፐርቲኖ በኩል የፕለም እርሻ ነበራቸው፤ አሁን ቦታው ቤት ተሠርቶበታል። ምሳ ሰጡን፦ ሩዝ፣ የባሕር ቅጠል፣ ኮምጣጣ ራዲሽ። ጾመኛ እነዚህ ሰዎች መሐል አይራብም።

ካርታውን ዘረጋሁት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በረጋ ድምፅ ጠየቁኝ።

«እርስዎ በአገርዎ ቆጠራ ላይ የሚሠሩ ነዎት። የሚሥሉት መስመር ኋላ ማን እጅ እንደሚገባ ያውቃሉ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አላውቅም» አልኳቸው።

«አሜሪካ ጃፓንን ስትዋጋ፣ ጃፓን ናችሁ ብለው ሊወስዱን የመጡት የመንግሥት ሰዎች ቤታችንን ፈልገው አልተቸገሩም። የት እንደምንበዛ አስቀድሞ ተቆጥሮ ነበር። ቤተሰቤን በረሃ ወስደው በሽቦ አጠሩት። አንድ ቀለም ቀብተው ሲያዩን ያን ጊዜ ትዝ ይለኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይልማ አፉን ከፈተ፤ እግሩን ረገጥኩት። ሽማግሌው ሻይ ቀዱልን። «የሱቋ ባለቤትስ፣ ቻይናዊቷ፣ ተስማምተዋል?» አሉ።

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልቻልኩም። «ከጃፓን ጋር አብሬ አልቆጠርም ብለዋል።»

ሚስተር ኦካዳ ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያው እኔና እሳቸው ተስማምተናል!» አሉ። ከዚያ ለምን እንዳሉ ጠየቁ። የእማማ ቹን ወንድም ነገር ነገርኳቸው። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ተነሱና ወደ መስታወት ቤቱ ገቡ፤ ጥለውን የሄዱ እስኪመስለን ቆዩ። ሲመለሱ ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። እመጣለሁም አልመጣምም ሳይሉ እስከ መኪናው ሸኙን።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለ ይልማ።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ንዳ።»

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ሱቁ ወረድኩ። እማማ ቹ እንደ ወትሮው ሩዝ ይመዝናሉ። ቁልፉ ወገባቸው ላይ ነው። ሳን ሆሴ ሄጄ ጃፓኑን ሽማግሌ እንዳነጋገርኩ፣ እሳቸውም አብረው መቆጠር እንዳልፈለጉ ነገርኳቸው። «አልፈለጉም?» አሉ፣ ገረማቸው። ይልማ ካርታውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይንቆራጠጣል፤ ምስክር የለን፣ የጃፓኖቹ ወኪል የለን፣ ያለን ብርቱካናማ ወረቀት ብቻ ነው። ቢሆንም እንሄዳለን ብዬዋለሁ። ቢያባርሩን በር ላይ ያባርሩን።

ያኔ አንዲት የጭነት መኪና በራፉ ላይ ቆመች። ሚስተር ኦካዳ ወረዱ፤ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ በሁለት እጃቸው ነጭ አበባ ታቅፈዋል። እሰይ፣ እንግዳ እጁን ሞልቶ መጣ ብዬ ልቀበላቸው ስል ሊሊ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኦ ኖ! ነጭ እኮ የሞተ ሰው አበባ ነው!»

ልመልሳቸው ብል አልደረስኩም። ሚስተር ኦካዳ እማማ ቹ ፊት ደርሰው እጅ ነሱ፤ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ቀና ሲሉ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«ለወንድምዎ ነው። የጃፓን ጦር ቻይና ሲገባ እኔ እዚህ አገር እንጆሪ እለቅም ነበር። የገደለውን ሰው አላውቀውም። ነገር ግን አበባ አብቃይ ነኝ፤ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ሊሊ ልትተረጉም ስትል እማማ ቹ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ገብቷቸዋል። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገዢዎች ሁሉ ቆመዋል። እማማ ቹ ሚዛኑን ይዘው ቀሩ። በመጨረሻ አንድ ቃል አሉ።

«ሚንግ።»

«ስሙ ነው» አለች ሊሊ በሹክሹክታ።

«ሚንግ» አሉ ሚስተር ኦካዳም።

እማማ ቹ አበባውን ተቀበሉ። ወንድማቸው ፎቶግራፍ የለውም፤ ከባላቸው ፎቶግራፍ አጠገብ ባዶ ቦታ ጠርገው እዚያ አኖሩት። እኔ አለቀስኩ፣ ይልማም ፊቱን አዙሯል። እማማ ቹ ግን አላለቀሱም። ዞረው ካርታውን ከይልማ ብብት ስበው አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ቀለሙ አንድ አይሁን» አሉ።

«እኔም አንድ ቀለም አልፈልግም» አሉ ሚስተር ኦካዳ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንግዲህ ይህ ሥራዬ ነው! አዲስ ወረቀት፣ ማስመሪያና ቀለም አስመጣሁና ተቀመጥኩ። አገር ቤት አንድ መሬት ላይ እርሻም ግጦሽም ሲኖር በአንድ ቀለም አንቀባውም፤ እርሻውን በአንድ ዓይነት መስመር፣ ግጦሹን በሌላ እናሳየዋለን። ቻይናዎቹን ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስመር ሰጠኋቸው፣ ጃፓኖቹን ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ፊሊፒኖዎቹን ጋደም ያለ፣ ኮሪያዎቹን ነጠብጣብ። ሁለቱ አዛውንቶች ከወዲህና ከወዲያ ተቀምጠው እንደ ፈተና አራሚ ያዩኛል። እማማ ቹ «የእኛ ቀጠነ» ይላሉ፣ ሚስተር ኦካዳ «የእህቴን ቤት ረሱት» ይላሉ። መስመሮቹ ሲተላለፉ ቦታው ጠቆረ፤ ከሁሉ የጠቆረው ይኸው ሱቁ ያለበት መንገድ ሆነ። ማንም ሳይጠፋ ሰፈሩ አንድ ሆኖ ታየ። ቀለሙ ሳይደርቅ ተነስተን ሄድን።

አዳራሹ ሞልቷል። ከመድረኩ ሰዎች አንዱ፣ ባለ ወፍራም መነጽሩ፣ ሠንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ አየው።

«ኤዥያን የሚል ረድፍ እዚህ የለም» አለ። «ቻይናዎቹ ከግማሽ በታች ናቸው፣ ጃፓኖቹ ጥቂት። እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ የቆጠራቸው ማነው? ዩኒቨርሲቲው ነው?»

ይልማ ሊያብራራ ተነሳ። እማማ ቹ የኮቱን ጫፍ ይዘው አስቀመጡትና እሳቸው ቆሙ። ሊሊ ልትከተላቸው ስትነሳ እሷንም አስቀመጧት። በሰው ፊት አንድም ቀን ያልተናገሩትን እንግሊዝኛ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ። እኔ ቆጠርኳቸው።»

ባለ መነጽሩ ጣቱን ከሠንጠረዡ ላይ አነሳ።

«ባሌ ሲታመም ተናገረ፤ የሰማው የለም፤ ሞተ። የእኚህ ሰው እህት በጃፓንኛ ብትታመም የሚሰማት የለም። ወንድሜን ጃፓን ገደለው። አልረሳሁም። ግን ሴትዮዋ እንደ ባሌ እንድትሞት አልፈልግም። ስለዚህ አብሬ ቆጠርኳቸው።»

ሚስተር ኦካዳ ከወንበራቸው ተነስተው አጠገባቸው ቆሙ። ከዚያ የፊሊፒኖዎቹ ወኪል ቆመ፣ የኮሪያዎቹ ቆመ። ባለ መነጽሩ ካርታዬን ደግሞ አየውና መነጽሩን አወለቀ። ድምፅ ተሰጠ፤ ክሊኒኩ ለሰፈሩ ተፈቀደ! ይልማ አቅፎ ሲያነሳኝ ጫማዬ ወልቆ ወንበር ሥር ገባ፤ እየተሳሳቅን ፈለግነው።

ዓርብ

የመሄጃዬ ቀን። እማማ ቹ ሻንጣዬን ራሳቸው አሰሩልኝ። ቀሚሴ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል፤ ይበልጥ አማረ ይላሉ። ለመንገድ የሚሆን የጾም ምግብ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከሥልጠና የተረፈኝን ብዕር ሰጠኋቸው፣ እሳቸው ግን ዓይናቸው በርበሬው ላይ ነው። እንደምልክላቸው ቃል አስገቡኝ። የጓዳው ቁልፍ ከወገባቸው ላይ የለም፤ አዲሱ ክሊኒክ እስኪከፈት ይልማ ዘንድ ተመልሷል።

መኪናው ሲነሳ በመስኮት ጎንበስ አሉና ሊሊን ተርጉሚ አሏት።

«ያ ጣሊያን፣ በሕይወት አለ?»

«አለ፣ እማማ። አርጅቷል።»

«እናትሽ ደጅ መጥቶ ያውቃል?»

አሰብኩ። ቧንቧውን አስገባ፣ በሩን ክፍት አደረገ፣ ሰዉ ይምጣ ብሎ ጠበቀ። እናቴ ደጅ ግን እግሩ ደርሶ አያውቅም።

«አያውቅም» አልኩ።

«እና እሷ ናት ጥፋተኛ?» አሉና የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አድርገው ሸኙኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ባልዲም አልያዝኩ። እናቴ ወዴት ነሽ ስትለኝ መጣሁ ብያት ቁልቁለቱን ወረድኩና የጋራዡን በር አንኳኳሁ። ሽማግሌው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ውሃ ፈልጌ የመጣሁ መስሎት ወደ ቧንቧው አሳየኝ።

«ውሃ አይደለም» አልኩት። «ጣሊያን የገደለው አያቴ አዘነ ይባል ነበር። ስሙን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»